ወንበር ላከራይ ነው፤ ውሉ ላይ ምን ልጻፍ?

ባለሳሎኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሳሎኔ ውስጥ ሦስት ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። ሠራተኛ ቀጥሬ በየወሩ ደሞዝ ከማስብ፣ በራሳቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች ላከራየው ብያለሁ። ሁለት ልጆች ጠይቀውኛል። አንዷ ቀለም ላይ እጇ የተፈታ ነው። ሌላዋ ሹሩባና ሂውማን ሄር ትሠራለች። ጠባያቸውንም ወድጄዋለሁ። ግን ነገር ሳይበላሽ በፊት ሕግ ይኑረን ብዬ ይችን ጽፌያለሁ። የጎደለ ካለ ጨምሩልኝ።

– ሁሉም ሰው ጠዋት 2፡30 ይገባል። ያረፈደ ይቀጣል።
– ጥቁር ቲሸርት፣ ጥቁር ሱሪ።
– ዋጋ የሳሎኑ ነው። ማንም አያወርድም፣ አይጨምርም።
– ደንበኛ የሚከፍለው ሪሴፕሽን ነው። ኪራዬን ቀንሼ የተረፈውን ቅዳሜ ማታ አስባለሁ።
– ያለ ቀጠሮ የመጣ ሰው ለማን እንደሚደርስ የምወስነው እኔ ነኝ።
– ሌላ ሳሎን ሄዶ መሥራት አይቻልም።
– ዕረፍት የፈለገ ከሳምንት በፊት ያስፈቅዳል።
– ከዚህ የወጣ ሰው ለአንድ ዓመት በዚህ ሰፈር አይሠራም።
– ፎጣ፣ ሻምፖ፣ ካስክ ከእኔ። ቀለም፣ ፎን፣ ፒያስትራ ከራሳቸው።
– ኪራዩ በየወሩ ቁርጥ ነው፤ ሥራ ኖረም አልኖረም።

መቀስ፦
እህቴ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ብትሰርዢያቸው ይሄ የቅጥር ደብዳቤ ነው። እንደውም ይብሳል። ተቀጣሪ ገበያ ቢቀዘቅዝም ደሞዙን ይወስዳል። አንቺ ጋ ግን ገበያ ከሌለ ኪራይ አለ፣ ሰዓት አለ፣ በዚያ ላይ ቅጣት አለ።

እኔ ወንበር ተከራይቼ ነው የምሠራው። የምከፍለው ለቦታው ብቻ አይደለም። ቀኔን ራሴ እንድይዝ ነው። ደንበኛዬ ከሥራ ስትወጣ ማታ ይመቸኛል ካለች ማታ እሠራታለሁ። ጠዋት አንድም ቀጠሮ ሳይኖረኝ 2፡30 ላይ ተገኝቼ መስታወት እያየሁ እንድቀመጥ ከፈለግሽ ቅጠሪኝና ክፈይኝ።

ቶንዶስ፦
መቀስ፣ አታስፈራሪያት እንጂ። ቤቱ የሷ ነው። እኔ የወንዶች ጸጉር ቤት አለኝ፤ ወንበርም አከራያለሁ። ሰዓት ካልያዝክ አንዱ ረፋዱ ላይ ይመጣል፣ አንዱ ከምሳ በኋላ ብቅ ይላል። ሰው በር ላይ ቆሞ «ዛሬ አይሠሩም እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። የሚጠፋው የቤቱ ስም ነው፣ የተከራዩ አይደለም። ባለሳሎኗ፣ ሰዓቱንም ልብሱንም እንዳትለቂ።

ሒሳብ መዝጋቢ፦
የሁለታችሁም ስሜት ይገባኛል። ግን ነገሩ የስሜት አይደለም፣ የሕግ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ወይ ታዢያለሽ፣ ስለዚህ ቀጣሪ ነሽ፤ የቀጣሪ ግዴታ ሁሉ አንቺ ላይ ነው። ወይ ታከራያለሽ፣ ስለዚህ ስለ ሥራዋ አታዢም።

በብዙ አገር ግብር ሰብሳቢውም የሥራ ክርክር ችሎቱም የውሉን ርዕስ አንብቦ አያቆምም። «የኪራይ ውል» ብለሽ በትልቁ ብትጽፊ አይረዳሽም። የሚጠይቁት ሌላ ነው። ሰዓቱን ማን ይወስናል? ዋጋውንስ? ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው በማን እጅ ነው? ዕቃው የማን ነው? ሌላ ቦታ መሥራት ትችላለች? በሷ ፋንታ ሌላ ባለሙያ ልካ ማሠራት ትችላለች? ወሩ ሲከፋ የሚከስረው ማን ነው?

ምሳሌ ልስጣችሁ። የአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት ጥያቄዎቹን በሦስት ይከፍላቸዋል፤ አሠራሩን ማን ያዛል፣ ገንዘቡን ማን ያዛል፣ ግንኙነታቸው ምን ዓይነት ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ሕግ «በራሱ የሚሠራ» መባልን በጣም አከበደችው። የጸጉር ባለሙያዎችን ከከባዱ መመዘኛ ያወጣቻቸው በቅድመ ሁኔታ ነው። ዋጋቸውን ራሳቸው ማውጣት አለባቸው። ክፍያውን ከደንበኛው በቀጥታ መቀበል አለባቸው። ሰዓታቸውንና ቀጠሯቸውን ራሳቸው መያዝ አለባቸው። የደንበኛ መዝገባቸው የራሳቸው መሆን አለበት። እስቲ ይሄን ከአንቺ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። አንዱም አያልፍም።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የማንቸስተር የሥራ ክርክር ችሎት ያየው ጉዳይ አለ። የጸጉር ባለሙያዋ የፈረመችው ውል በራሷ የምትሠራ ነች ይላል። በተግባር ግን ሰዓቱንም ዋጋውንም የምትጠቀምበትን ምርትም ሳሎኑ ነበር የሚወስነው። ካስገባችው ገቢ 67 በመቶውን ሳሎኑ ይወስድ ነበር። ችሎቱ ተቀጣሪ ነች አለ። እንዲህ ሲባል የዕረፍት ክፍያ አለ፣ የስንብት መብት አለ፣ ሌላም ይከተላል።

የአንቺ አገር ሕግ በዝርዝሩ ሊለይ ይችላል። እሱን እዛው ያለ ባለሙያ ይይልሽ። የጥያቄዎቹ ጠባይ ግን ብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው።

ባለሳሎኗ፦
እሺ፣ ገባኝ። ታዲያ ምንም ሕግ አይኑር ነው የምትሉኝ? ቁልፉን ሰጥቼ ልሂድ? ቤቱን ለማሳመር ስንት ወጥቶበታል። አንዷ ነጠላ ጫማ አድርጋ ብትመጣ፣ ጸጉር ወለል ላይ ጥላ ብትወጣ፣ ደንበኛ ላይ ብትጮህ ዝም ብዬ ልይ?

የውል ሰው፦
አይደለም። ሕግ አውጪ። ግን ለቦታው አውጪ እንጂ ለሴትየዋ አታውጪ። ልዩነቱ ይሄው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

«2፡30 ትገቢያለሽ» የሰው ሕግ ነው። «ቤቱ ከ2፡00 እስከ ምሽት 2፡00 ክፍት ነው፤ ከዚያ ውጭ መሥራት የፈለገች በቁልፍ አያያዝ ደንቡ መሠረት ትሠራለች» የቦታ ሕግ ነው። «ጥቁር ልበሺ» የሰው ሕግ ነው። «እርጥብ ወለል ላይ የማያንሸራትት፣ ጣትን የሚሸፍን ጫማ» የደኅንነት ሕግ ነው፤ ለሁሉም ይሠራል፣ ለአንቺም ጭምር። «ዕረፍት ታስፈቅዳለች» የሰው ሕግ ነው። «ከአምስት ቀን በላይ የማትመጣ ከሆነ ታሳውቃለች፣ ኪራዩ ግን አይቆምም» የኪራይ ሕግ ነው።

ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። እያንዳንዷ የራሷን ዋጋ መስታወቷ ሥር ትለጥፍ። አንዷ ረክሳ፣ አንዷ ተወድዳ ብትታይሽ አይደንቅም፤ ሁለት ሱቅ ነው። ክፍያም በቀጥታ ለሷ። ደረሰኝም በሷ ስም። የካርድ ማሽን ከፈለገች የራሷን ታምጣ። «ኪራዬን ቀንሼ የተረፈውን እሰጣለሁ» የሚለው መስመር ከዝርዝሩ ሁሉ አደገኛው ነው። ገንዘቧ አንቺ ጋ ካደረ ደሞዝ ከፋይ ትመስያለሽ። ቅዳሜ አንድ ነገር ቢያጋጥምሽና ብታዘገዪባት ደግሞ ባለዕዳዋ አንቺ ነሽ።

«ይቀጣል» የሚለውንም አውጪው። አከራይ ተከራይን ስላረፈደ አይቀጣም። ኪራይ ቢዘገይ ምን ያህል እንደሚጨመር ግን በግልጽ ጻፊ። ያ ቅጣት አይደለም፣ የውል ነገር ነው።

ጸጉር ወለል ላይ ስለመጣል፦ «እያንዳንዱ ደንበኛ ሲነሳ ወንበሩና ዙሪያው ይጠረጋል፤ ማታ የሚወጣ ሰው ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል»። ይሄን ማንም አይቃወምም።

ቶንዶስ፦
የኔ የበሩ ጉዳይስ? ሰው ተመልሶ ሲሄድ አያችሁ?

የውል ሰው፦
ቶንዶስ፣ በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ፣ ቤቱ ያንተ ነውና። ተከራዮችህ መቼ መቼ እንደሚገኙ ራሳቸው ይንገሩህና በር ላይ ለጥፍ። ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ስልክ። ሰው ተዘግቷል ብሎ ሳይሆን «እሱ ከሰዓት ነው የሚገባው» ብሎ ይሄዳል። ሁሌ ጠዋት የሚቆም ሰው ከፈለግህ ግን አንድ ሰው ቅጠር። ሁለቱን አሠራር አንድ ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል፤ አንዱን ሰው ሁለቱንም ማድረግ ነው የማይቻለው።

ኪሮሽ፦
ኧረ ሙዚቃውንስ ማን ይመርጣል? የኛ ቤት ጠብ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው።

መቀስ፦
ኪሮሽ፣ ሳቅሽ እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ድምፁ ደንበኛ በስልክ ለማውራት እስኪቸገር መድረስ የለበትም ብሎ የጻፈ ውል አይቻለሁ። ሠርቷል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
አንድ ጥያቄ። ቁርጥ ኪራይ ይሻላል ወይስ በመቶኛ? እኔ ገና ልጀምር የምል ነኝ። ደንበኛ የለኝም። ቁርጥ ሲባል ያስፈራኛል።

መቀስ፦
ደንበኛ ይዛ ለምትመጣ ሰው ቁርጥ ይሻላል። ስንት ሰው እንደሠራሽ ማንም አይቆጥርብሽም። መቶኛ ሲሆን ግን ገቢሽን ማሳየት አለብሽ፤ ባለቤቷ በዓይኗ ትቆጥራለች፣ አንቺም ትሳቀቂያለሽ። አንድ ቀን «ያቺ ሴትዮ ሙሉ ቀለም አልነበረም እንዴ የሠራችው?» ትባያለሽ። አለቀ። ከዚያ በኋላ መተማመን የለም።

ለጀማሪ ደረጃ ያለው ቁርጥ ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ዝቅ ያለ፣ ከዚያ ከፍ እያለ የሚሄድ። ግን መቼ ስንት እንደሚሆን ውሉ ላይ ይጻፍ። «እያየን እንጨምራለን» የሚሉትን አትቀበዪ። በቀን መከራየትም አለ። ለሁለት አንድ ወንበር ይዛችሁ አንቺ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ እሷ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። ቅዳሜና ማክሰኞ እኩል ዋጋ እንዳይሆኑ ብቻ።

ሒሳብ መዝጋቢ፦
መቶኛም ቢሆን ክልክል አይደለም። ከደንበኛው የምትቀበለው እሷ ትሁን፤ ከዚያ መቶኛውን ለአከራይዋ በደረሰኝ ትክፈል። አቅጣጫው ከተገለበጠ ነው ኮሚሽን የሚሆነው።

ሌላው፣ ኪራዩ ውስጥ ምን እንዳለ ዘርዝሩ። ውሃ፣ መብራት፣ ኢንተርኔት፣ ፎጣ፣ ሻምፖ፣ ሪሴፕሽን። ግብሩም በዚህ ይለያያል። እንግሊዝን ብታዩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጥቅምት ወር ጀምሮ ለጸጉር ባለሙያ የሚከራይ ወንበር በግልጽ የተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። ተራ የቦታ ኪራይ ነው ብሎ ነፃ መሆን ቀረ። ስለዚህ ኪራዩን ከመተመንሽ በፊት ታክሱ ላዩ ላይ ይጨመራል ወይስ ውስጡ ነው የሚለውን ጠይቂ። ሦስት ወር ቆይቶ «ታክሱ አልተካተተም» ማለት ጥሩ ጠብ ያመጣል።

ጥፍር በጥፍር፦
የምታወሩት ሁሉ ስለ ገንዘብ ነው። እኔ ባለሁበት ቤት ግን ጭቅጭቁ የሚነሳው በውሃ፣ በመብራትና በአየር ነው።

ውሃውን እዩት። ጸጉር መታጠቢያው አንድ ነው። ሦስት ሰው ይሠራል። አንዷ ደንበኛ ፎይል ተጠቅልላ ሰዓቷ ሞልቷል፣ ቀለሙ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። በዚያው ሰዓት ሌላዋ ተከራይ መታጠቢያው ላይ ሴትዮ አስተኝታ ራሷን እያሻሸች ትሪትመንት ትቀባለች። «አንድ ጊዜ ብቻ» ትላለች። አንድ ጊዜው አሥር ደቂቃ ይሆናል። ማር ሊሆን የታሰበው ጸጉር ወደ ነጭ ይሄዳል። ደንበኛዋ የምታለቅሰው ቀለም ሠሪዋ ላይ ነው። አሁን ሕጋችን አንድ መስመር ነው፦ በሰዓት የሚታጠብ ኬሚካል ራሷ ላይ ያለ ሰው ቅድሚያ አለው፤ ትሪትመንት ይነሳል። ከዚያ ወዲህ ጠብ የለም።

መብራቱ። አንድ ጠንካራ ፎን ወደ 2000 ዋት ይበላል። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 9 አምፒር ነው። ባለ 16 አምፒር መስመር ላይ ሁለት ፎን አንድ ላይ ሲነሳ ከአቅሙ ያልፋል፤ ሊቆርጥ ይችላል። ካስኩንም ጨምረሽ አስቢው። ወንበር ከማከራየትሽ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ የትኛው ሶኬት ከየትኛው መስመር እንደሆነ አስለይ። ውሉ ላይም ለእያንዳንዱ ወንበር የትኛው ሶኬት እንደሆነ ይጻፍ።

አየሩ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አንዳንድ የጸጉር ማለስለሻ ኬራቲን በፒያስትራ ሲሞቅ ፎርማልዲሃይድ ይለቃል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ማሸጊያቸው ላይ «ፎርማልዲሃይድ የለውም» የሚሉት ውስጥም ተገኝቷል። ሠሪዋ ማስክ አድርጋለች። ከጎኗ ያለችውስ? እኔስ? ነፍሰ ጡር ደንበኛስ? ስለዚህ ውሉ ላይ የትኛው ኬሚካል የት እንደሚሠራ፣ መስኮትና ማራገቢያ መቼ እንደሚከፈት፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይገባ ይጻፍ። እኔም በጥፍር ፈሳሼ ሽታ ሰው አስቸግራለሁ፤ የኔም ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው የተወሰነው።

በነገራችን ላይ ሒሳብ መዝጋቢ የጠቀስካት ካሊፎርኒያ ለኛ ለጥፍር ሠሪዎች የሰጠችው ከከባዱ መመዘኛ የመውጣት ፈቃድ እ.ኤ.አ. 2025 ሲገባ አብቅቶ ነበር። ስለዚህ «ሌላዋ ተከራይ እንዲህ ነው የፈረመችው» ተብሎ የአንዷ ውል ለሁሉ አይገለበጥም። ሙያው ሲለይ ሕጉም ሊለይ ይችላል።

ሐር፦
ቀለም ሠሪ ስለምታስገቢ ይሄን እንዳትረሺ። የአለርጂ ፍተሻ። ብዙ ጥቁር ቀለም ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ፊት እስከሚያብጥ ያደርሳል። የተለመደው ከ48 ሰዓት በፊት ጆሮ ጀርባ ወይም ክርን ውስጥ ትንሽ ቀብቶ ማየት ነው። ማን ይፈትሻል? ማን ይመዘግባል? ወረቀቱ የት ይቀመጣል? ተከራይዋ ናት። ግን ቀጠሮውን በስልክ የያዘችው ያንቺ ሪሴፕሽን ከሆነች፣ «ከሁለት ቀን በፊት ለፍተሻ ብቅ በዪ» ብላ የምትናገረውም እሷ ናት። ካልተናገረች ሁለታችሁም ጣጣ ውስጥ ናችሁ።

ኢንሹራንስም ሁለት ነው። ጣሪያው ቢያፈስና ደንበኛ ብትወድቅ ያንቺ ነው። ጸጉር ቢረግፍ የሷ ነው። ያንቺ ኢንሹራንስ የተከራይዋን ሥራ ይሸፍናል ብለሽ አትገምቺ፤ ደውለሽ ጠይቂ። የሷን ኮፒ ከመፈረሟ በፊት ተቀበዪ፤ የሚያበቃበትን ቀን ስልክሽ ላይ አስታዋሽ አድርጊው። የሙያ ፈቃዷንም እንዲሁ።

ማበጠሪያ መዘፍዘፊያውንም ነገር ጻፉት። ፀረ ተሕዋስ ፈሳሹ ውስጥ ማበጠሪያውን ነከር አድርጎ ማውጣት ማጽዳት አይደለም። መጀመሪያ ጸጉሩ ይለቀማል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ተውጦ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይቆያል። የታወቀው ሰማያዊ ፈሳሽ 10 ደቂቃ ይላል። በየቀኑም ይቀየራል። ተቆጣጣሪ ቢመጣ የእያንዳንዷ ዕቃ ለየብቻው፣ በስሟ ቢሆን ይሻላል።

ባለሳሎኗ፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ሰዓቱን፣ ልብሱን፣ ዋጋውን፣ ቅጣቱን ለቅቄያለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። ደንበኞቼ። ልጅቷ እኔ ቤት ገብታ፣ እኔ ለዓመታት የያዝኳቸውን ሰዎች ተዋውቃ፣ በስድስት ወሯ መንገድ ተሻግራ ሳሎን ብትከፍትስ? ለዚህ ነው የአንድ ዓመቱን ሕግ የጻፍኩት።

ቶንዶስ፦
እዚህ ላይ ከባለሳሎኗ ጋር ነኝ። ደርሶብኛል። ያሳደግኩት ልጅ ደንበኛውን ጠርጎ ሄደ።

መቀስ፦
ደንበኛ ዕቃ አይደለም እኮ፣ ተጠርጎ አይሄድም። እግር አለው። ጸጉሯን የምታስነካው ለምታምናት ሴት ነው። አንቺ ደግሞ ኪራይ ተቀብለሻታል፤ በየወሩ የከፈለችሽ ሰው ኋላ እንጀራዋን ልትዘጊባት ነው?

የውል ሰው፦
ሁለታችሁም ቆይ። የአንድ ዓመት ክልከላው በብዙ ቦታ ፍርድ ቤት ፊት ለመቆም ይቸገራል፤ በራሷ ለምትሠራ ተከራይ ደግሞ ይበልጥ። በዚያ ላይ ራሱ ክልከላው «ተቀጣሪዬ ነች» ብሎ ይመሰክርብሻል። ደንበኛን ለመጠበቅ ሌላ መንገድ አለ።

ደንበኞችን ከመጀመሪያው ለዩ። እሷ ይዛ የመጣቻቸው የሷ ናቸው፤ ዝርዝሩን አንቺ አታይውም። በሳሎኑ መዝገብ የነበሩት የሳሎኑ ናቸው። ያለ ቀጠሮ ከመንገድ የገቡት ደግሞ በስምምነት። እኔ የምመክረው፣ ከመንገድ የገባው ሰው ያገለገለችው ልጅ ደንበኛ ይሁን የሚል ነው። እሱ ላይ መጨቃጨቅ ጉልበት መጨረስ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ሲመጣም አትመድቢ። «ማን ነፃ ናት?» ብለሽ ጠይቂ። አልፈልግም የማለት መብት ይኑራት።

ከዚያ ክልከላው መዝገቡ ላይ ይሁን። «ተከራይ የሳሎኑን የስልክ መዝገብ አይገለብጥም፤ ውሉ ካበቃም በኋላ በዚያ መዝገብ ተጠቅሞ ለደንበኛ መልእክት አይልክም።» ይሄ ይቆማል። ሴትየዋ በራሷ ፈልጋ ብትሄድ ግን ማንም አይከለክላትም። የደንበኛ ስልክና የጤና መረጃ ደግሞ የግል መረጃ ነው፤ በብዙ አገር ያለ ፈቃዷ ለሌላ ማስተላለፍ ራሱ ያስጠይቃል። አንቺንም ጭምር።

ቶንዶስ፦
መዝገቡ የሚለው ጥሩ ነው። እሱን እወስዳለሁ።

ሐር፦
አንድ ልጨምር። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ደንበኛዋ ሳሎኑ ስልክ ላይ ደውላ «እገሊት አለች?» ስትል ሪሴፕሽን ምን ትበል? ይሄን የሚጽፍ የለም። «አናውቃትም» ሲባል ሰምቻለሁ፤ አስቀያሚ ነው። «እዚህ መሥራት አቁማለች፣ ስልኳ ይሄ ነው» ይባል፤ ለሦስት ወር። ፎቶም እንዲሁ። ሥራዋን የሳሎኑ ገጽ ላይ ስትለጥፉ ስሟን ጻፉ። ስትወጣ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለውን አሁን ወስኑ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ይቅርታ፣ ምናልባት የማይረባ ጥያቄ ይሆናል። ባለሳሎኗ፣ ቤቱ የራስሽ ነው ወይስ ተከራይተሽ ነው?

ባለሳሎኗ፦
ተከራይቼ ነው። ለምን?

የውል ሰው፦
ዝም ብዬ አንባቢ፣ ከሁላችን በላይ ነው የጠየቅሽው። ባለሳሎኗ፣ አሁኑኑ የራስሽን የኪራይ ውል አውጥተሽ አንብቢ። «ለሦስተኛ ወገን ማከራየት» የሚል ነገር ካለ ለኛ አምጪው።

ባለሳሎኗ፦
አገኘሁት። «ተከራይ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ቤቱን በሙሉም ሆነ በከፊል ለሌላ ማከራየት አይችልም» ይላል። ወንበርም በከፊል ነው?

የውል ሰው፦
ነው ብለሽ ያዢው። ባለቤቱን አነጋግሪ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ አድርጊው። በስልክ «ችግር የለውም» ቢልሽ አትመኚ። ሊያስወጣሽ የፈለገ ቀን የሚያነሳው ይሄንን ነው። ያንቺም ውል የሚያበቃበትን ቀን ተመልከቺ። አንቺ ስምንት ወር ቀርቶሽ ለልጆቹ የሁለት ዓመት ወንበር ማከራየት አትችይም።

መቀስ፦
ተከራዮችም ይሄን ጠይቁ። «ከአከራይሽ ፈቃድ አለሽ?» ማለት ነውር አይደለም። ዕቃችሁ እዛ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ስለ መውጫውም ጻፊ። ማስያዣ ከወሰድሽ ስንት እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንደሚቀነስ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ። የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ለሁለታችሁም እኩል ይሁን፤ ለሷ ሁለት ወር፣ ለአንቺ ሁለት ሳምንት የሚል ውል አልፈርምም። ኪራይ የማይታሰብባቸው ሳምንታት በዓመት ውስጥ ይኑሩ። ቤቱ በሷ ጥፋት ሳይሆን ሲዘጋ፣ ቧንቧ ፈንድቶም ይሁን በመንግሥት ትእዛዝ፣ ኪራዩ ይቆማል ይባል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት በብዙ አገር ሳሎን ሲዘጋ «ኪራይ ይከፈል አይከፈል» የሚለውን ውላቸው ላይ ያልጻፉ ሰዎች ምን እንደሆኑ አይተናል።

ባለሳሎኗ፦
ለቤቱ ባለቤት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። መልሱ እስኪመጣ አላስፈርምም። እስከዚያ ውሉን እንደ አዲስ እንዲህ አድርጌዋለሁ። እዩልኝ።

«አከራይ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ የሚቆለፍ አንድ መሳቢያ እና በሥዕሉ ላይ የተመለከቱትን ሁለት ሶኬቶች ለተከራይ ትሰጣለች። መታጠቢያው፣ ካስኩና መጠበቂያው የጋራ ነው። በሰዓት የሚታጠብ ኬሚካል ቅድሚያ አለው።»

«ተከራይ ሰዓቷን፣ ዋጋዋን፣ ደንበኞቿን እና የምትጠቀምበትን ምርት ራሷ ትወስናለች። ክፍያ በቀጥታ ትቀበላለች። ግብሯን ራሷ ትከፍላለች። ሌላ ቦታ መሥራት ትችላለች። ፈቃድና ኢንሹራንስ ያለውን ሌላ ባለሙያ በፋንታዋ ማሠራት ትችላለች።»

«ፎርማልዲሃይድ የሚለቅ ማለስለሻ በዚህ ቤት አይሠራም።»

«ኪራይ በወሩ መጀመሪያ ይከፈላል። ውሃ፣ መብራት፣ በቀን እስከ ስምንት ፎጣ ተካቷል። ከዚያ በላይ ፎጣ የራሷ ነው።»

«ውሉን ማፍረስ የፈለገ ወገን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይሰጣል። ማስያዣው ቁልፍ በተመለሰ ወዲያውኑ ይመለሳል።»

መቀስ፦
አሁን እኔም ብሆን እፈርማለሁ። ስምንት ፎጣ ለቀለም ሠሪ ትንሽ ነው ግን። በአንድ ደንበኛ ሁለት ያልቃል።

ባለሳሎኗ፦
ልጅቷን ጠይቄ አስተካክለዋለሁ። ለቀለም አሮጌ ጥቁር ፎጣ ለየብቻ ላደርግ አስቤያለሁ።

ሒሳብ መዝጋቢ፦
«ወዲያውኑ» የሚለውን አውጪው። አንቺ ነገ ይመስልሻል፣ እሷ አሁን ይመስላታል። «በሰባት ቀን ውስጥ፣ የሚቀነስ ካለ በዝርዝር ደረሰኝ» በዪው። ከፈረማችሁ በኋላም እንደ ውሉ ኑሩ። ወረቀቱ «ሰዓቷን ራሷ ትወስናለች» እያለ በቴሌግራም «የት ነሽ እስካሁን?» ብለሽ ከጻፍሽላት፣ ችሎት ላይ የሚነበበው የቴሌግራሙ ነው።